እኩል ነው የተባለ ዕጣ በቁጥር ሲመረመር

አንድ ዕጣ ፍትሐዊ ነው ሲባል፣ በውስጡ የገባው እያንዳንዱ ስም ወይም ቁጥር የመውጣት ዕድሉ ከሌላው ጋር እኩል ነው ማለት ሲሆን፣ ይህን ዓይነቱን የዕድል አደላደል የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ወጥ ስርጭት ይሉታል። ወጥ ስርጭት በራሱ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው ከዕጣው የወጣው ውጤት ብቻ ነው፤ ውጤቱ ደግሞ አሠራሩ ምንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ተመዝኖ እንደተከፈለ ያህል እኩል ሆኖ አይወጣም። ስድሳ ጊዜ የተጣለ ዳይስ እያንዳንዱን ገጽ ልክ አሥር አሥር ጊዜ አሳይቷል የሚል መዝገብ ቢቀርብ፣ አስተዋይ ሰው ከዳይሱ ይልቅ መዝጋቢውን መጠርጠሩ አይቀርም። መመርመር የሚገባው እንግዲህ የታየው መበላለጥ ከንጹሕ ዕድል ሊጠበቅ ከሚችለው መበላለጥ በልጦ መገኘት አለመገኘቱ ነው። ለዚህ የተበጀው መሣሪያ የመጣጣም ፈተሻ ይባላል፤ አስቀድሞ የተጠበቀው ስርጭትና በተግባር የተቆጠረው ውጤት ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚለካ ስሌት ነው።

የስሌቱ ታሪክ ከዳይስ ጋር የተያያዘ ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ራፋኤል ዌልደን እ.ኤ.አ. በ1894 ለሳይንስ ሊቁ ፍራንሲስ ጋልተን በጻፉት ደብዳቤ፣ 12 ዳይሶች በአንድነት 26,306 ጊዜ የተጣሉበትን ውጤት አሳውቀው ነበር። በዚህ ሁሉ ውርወራ ከተገኙት 315,672 ገጾች መካከል 5 ወይም 6 የታየው 106,602 ጊዜ ሲሆን፣ ዳይሶቹ ፍጹም እኩል ቢሆኑ ኖሮ የሚጠበቀው 105,224 ነበር። ይህም ከመቶ 33.33 መሆን የነበረበት 33.77 ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ማንም ቁማርተኛ ይህችን ቅንጣት ልዩነት በዕድሜው ሙሉ ቢጫወት አያስተውላትም፤ ነገር ግን ውርወራው እጅግ ብዙ በመሆኑ ልዩነቷ በዕድል ብቻ መጥታለች ለማለት አይቻልም። ለነገሩ በተለምዶ የሚሰጠው ማብራሪያ፣ በዳይሱ ገጾች ላይ የሚቦረቦሩት ነጥቦች 6 ባለበት ወገን ስለሚበዙ ያ ወገን እንደሚቀልና ወደ ላይ እንደሚያዘነብል ነው።

ካርል ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1900 በፊሎሶፊካል ማጋዚን ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የዌልደንን ዳይሶች ከምሳሌዎቻቸው አንዱ አድርገው፣ ዛሬ ካይ ስኩዌር ተብሎ የሚጠራውን ፈተሻ አቀረቡ። አሠራሩ ለማስረዳት አይከብድም። ውጤቱ በየክፍሉ ይመደባል፤ በእያንዳንዱ ክፍል በተቆጠረውና በተጠበቀው መካከል ያለው ልዩነት ይወሰዳል፤ ከሚጠበቀው በላይ የሆነውና በታች የሆነው እርስ በርስ እንዳይጣፉ ልዩነቱ በራሱ ይባዛል፤ የሦስት ሰው መጉደል አምስት በሚጠበቅበት ክፍልና አምስት መቶ በሚጠበቅበት ክፍል አንድ ዓይነት ክብደት ስለሌለው የተገኘው ብዜት ለተጠበቀው ቁጥር ይካፈላል፤ በመጨረሻም የሁሉም ክፍሎች ውጤት ይደመራል። ድምሩ ከተወሰነ ልክ ካለፈ፣ ስርጭቱ ወጥ ነው የሚለው መነሻ መላምት ውድቅ ይደረጋል።

የዚያ ልክ መጠን የሚወሰነው የነጻነት ደረጃ በሚባለው ቁጥር ሲሆን፣ እርሱም በነጻ ሊለዋወጡ የሚችሉት ክፍሎች ብዛት ነው፤ ጠቅላላ ድምሩ አስቀድሞ ከታወቀ የመጨረሻው ክፍል ከሌሎቹ ስለሚገኝ፣ 12 ክፍሎች ያሉት ስሌት 11 የነጻነት ደረጃ ብቻ ይኖረዋል። ፒርሰን ራሳቸው በዚህ አቆጣጠር በአንዳንድ ሁኔታዎች ተሳስተው ስለነበር ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1922 አርመውታል። ስርጭቱ በእውነት ወጥ ከሆነ የካይ ስኩዌሩ ድምር በአማካይ ከነጻነት ደረጃው ጋር እኩል ይሆናል፤ ለ11 ደረጃ አማካዩ 11 ነው፤ ከ19.68 የሚያልፈው ከመቶ አምስት ጊዜ፣ ከ24.73 የሚያልፈው ደግሞ ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከመቶ አምስት የሚለው ወሰን ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተሙት መጽሐፍ የተስፋፋ ልማድ እንጂ ከተፈጥሮ የተገኘ ሕግ አለመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የዋሽንግተኑ ማሰሮ

የፈተሻውን ኃይልም ድካምም አጉልቶ የሚያሳይ አንድ ጉዳይ መምረጥ ቢያስፈልግ፣ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ምሽት በዋሽንግተን ከተማ የወጣውን የውትድርና ዕጣ የሚስተካከል አይገኝም። የቬትናም ጦርነት በተፋፋመበት በዚያ ወቅት፣ ሴሌክቲቭ ሰርቪስ የተባለው የምልመላ መሥሪያ ቤት ከ1944 እስከ 1950 የተወለዱ ወንዶች ለውትድርና የሚጠሩበትን ቅደም ተከተል በዕጣ እንዲወስን ታዝዞ ነበር። በዋናው መሥሪያ ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በቀጥታ እየተላለፈ፣ በአንድ ጥልቅ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ 366 ሰማያዊ የፕላስቲክ ካፕሱሎች ተቀምጠዋል፤ በእያንዳንዱ ካፕሱል ውስጥ ከዓመቱ ቀናት አንዱ የተጻፈበት ወረቀት አለ፤ ፌብሩዋሪ 29 እንኳ አልቀረም። የመጀመሪያውን ካፕሱል ያወጡት የኒውዮርኩ የምክር ቤት አባል አሌክሳንደር ፒርኒ ሲሆኑ፣ ወረቀቱ ሲገለጥ ሴፕቴምበር 14 የሚል ተገኘ፤ በዚያ ቀን የተወለዱት ሁሉ 1 ቁጥር ደረሳቸው። ከዚያ በኋላ ወጣቶች ተራ በተራ እየቀረቡ ካፕሱሎቹን እያወጡ ቀናቱ በሰሌዳ ላይ ተለጠፉ፤ ጁን 8 በመጨረሻ ወጥቶ 366 ቁጥር ሆነ። ዝቅተኛ ቁጥር የደረሰው ቶሎ ይጠራል፤ ከፍተኛ ቁጥር የደረሰው ሳይጠራ የመቅረት ተስፋ አለው።

ካፕሱሎቹ ወደ ማሰሮው ከመግባታቸው በፊት የተደረገው ነገር ግን በቴሌቪዥን አልታየም። የጃንዩዋሪ 31 ካፕሱሎች በቅድሚያ በአንድ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ገብተው በካርቶን መከለያ ወደ አንድ ወገን ተገፉ፤ የፌብሩዋሪዎቹ 29 በባዶው ወገን ፈሰው ከተቆጠሩ በኋላ በመከለያው እየተገፉ ከጃንዩዋሪዎቹ ጋር ተቀላቀሉ፤ ቀጥሎ የማርቾቹ መጡ፤ ይኸው ሥርዓት ወር በወር እስከ ዲሴምበር ተደገመ። በዚህ አኳኋን የጃንዩዋሪ ካፕሱሎች 11 ጊዜ ሲቀላቀሉ የኖቬምበሮቹ ሁለት ጊዜ፣ የዲሴምበሮቹ ደግሞ አንዴ ብቻ ተቀላቀሉ። ሣጥኑ ተዘግቶ ጥቂት ጊዜ ተነቀነቀ፤ በኋላም ካፕሱሎቹ ወደ ማሰሮው ተገለበጡ። ያወጡት ሰዎች በአብዛኛው ከላይ ከላይ ነበር የሚያነሡት፤ ያልተማሰለ ወጥ በጭልፋ ሲወጣ ከላይ የሰፈፈው ቀድሞ እንደሚቀርብ ሁሉ፣ በመጨረሻ የገቡት ወራት ቀድመው ወጡ የሚል ጥርጣሬ የተነሣው ወዲያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ጃንዩዋሪ መጀመሪያ ላይ ኒውዮርክ ታይምስ የስታቲስቲክስ ባለሙያዎችን ቅሬታ ይዞ ወጣ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ስቴፈን ፊንበርግ ጉዳዩን በሳይንስ መጽሔት ላይ በሰፊው አቀረቡት።

የፈተሻው አፈታት

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ወጥመድ አለ። ከ1 እስከ 366 ያለው እያንዳንዱ ቁጥር በትክክል አንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱም ቀን በትክክል አንድ ጊዜ ወጥቷል፤ ስለዚህ ቁጥሮቹ ብቻቸውን ወይም ቀናቱ ብቻቸውን በወጥነት ተሰራጭተዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ መልሱ በዕጣው አሠራር አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ትርጉም ያለው ጥያቄ በቀንና በቁጥር መካከል ስላለው ግንኙነት የሚነሣው ነው፤ ይኸውም ዝቅተኛዎቹ ቁጥሮች በወራቱ ላይ በየወሩ ቀናት ልክ ተሰራጭተዋል ወይ የሚለው ይሆናል። የ366 ግማሽ 183 ስለሆነ፣ ከ1 እስከ 183 ያሉት ቁጥሮች ዝቅተኛ ቢባሉ፣ 31 ቀን ካለው ወር 15.5፣ 30 ቀን ካለው 15፣ ከፌብሩዋሪ ደግሞ 14.5 ይጠበቃል።

በተግባር የተገኘው እንዲህ ነው፦ ጃንዩዋሪ 12፣ ፌብሩዋሪ 12፣ ማርች 10፣ ኤፕሪል 11፣ ሜይ 14፣ ጁን 14፣ ጁላይ 14፣ ኦገስት 19፣ ሴፕቴምበር 17፣ ኦክቶበር 13፣ ኖቬምበር 21፣ ዲሴምበር 26። በጃንዩዋሪ ልዩነቱ 3.5 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 12.25፣ ለ15.5 ሲካፈል 0.79 ይሆናል። በዲሴምበር ልዩነቱ 10.5 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 110.25፣ ለ15.5 ሲካፈል 7.11 ይደርሳል። አሥራ ሁለቱም ወራት በዚህ መልክ ተሰልተው ሲደመሩ 15.57 ይመጣል። ወሰኑ 19.68 ነበርና ዕጣው ፈተሻውን አለፈ ማለት ነው! ንጹሕ ዕጣ ይህን ያህል ወይም ከዚህ የበለጠ መበላለጥ ከመቶ 16 ጊዜ ገደማ ያሳያልና ክስ ለመመሥረት የሚያበቃ አይደለም ተብሎ ፋይሉ ሊዘጋ ይችላል።

መዘጋት ግን አልነበረበትም። ከላይ የተጠቀሰው ስሌት የተበጀው አንዱ ውርወራ ሌላውን ለማይነካበት ሁኔታ ነው፤ ዳይስ 6 ካሳየ በኋላም 6 ከማሳየት የሚከለክለው ነገር የለም። ካፕሱል ግን አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ የዲሴምበር ካፕሱሎች 31 ብቻ በመሆናቸው በዝቅተኛዎቹ ቁጥሮች ውስጥ 26ቱ ከተገኙ በከፍተኛዎቹ ውስጥ የሚቀሩት አምስት ብቻ ናቸው። ሳይመለስ የሚወጣ ዕጣ ከዳይስ ያነሰ መዋዠቅ ስላለው፣ አንድ ዓይነት መበላለጥ በዕጣው ላይ ሲታይ በዳይስ ላይ ከሚታየው የበለጠ አስደንጋጭ ነው። ትክክለኛው ስሌት ስለዚህ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ግማሽ ይቆጥራል፤ ዲሴምበር በከፍተኛው ወገን ያጎደለው ያው 10.5 በመሆኑ ሌላ 7.11 ይጨምራል፤ የሁሉም ወራት ድምር እጥፍ ሆኖ 31.14 ይደርሳል፤ የነጻነት ደረጃው ግን ያው 11 ነው። 24.73 የነበረው ጥብቅ ወሰን በሰፊው ታለፈ፤ ንጹሕ ዕጣ እንዲህ ያለ ውጤት የሚያወጣው ከሺህ አንድ ጊዜ ገደማ ነው። አንድ መረጃ፣ አንድ ቀመር፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ካፕሱሉ ወደ ማሰሮው መመለስ አለመመለሱን ማስታወስ ብቻ ነው። የስሌት ፕሮግራም ይህን አይጠይቅም፤ የተሰጠውን አሥራ ሁለት ቁጥር ተቀብሎ መልሱን ይሰጣል።

ሁለተኛው ድካም ከዚህ ይረቃል። ካይ ስኩዌር ክፍሎቹን ሲደምር ቅደም ተከተላቸውን አያውቅም፤ የወራቱ ስም ተዘበራርቆ የዲሴምበሩ 26 ለማርች፣ የማርቹ 10 ለዲሴምበር ቢሰጥ ያው ድምር ይመጣል። መዝገቡን በተርታ ለሚያነብ ሰው ግን ቅደም ተከተሉ ራሱ ይናገራል፤ ከጃንዩዋሪ እስከ ጁላይ ያሉት ሰባት ወራት ሁሉም ከሚጠበቀው በታች ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ካሉት አምስት ወራት ከኦክቶበር በቀር ሁሉም በላይ ናቸው። ዓመቱ ከሁለት ተከፍሎ ቢሰላ የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 91 ሲጠበቅባቸው 73፣ የኋለኞቹ 92 ሲጠበቅባቸው 110 ዝቅተኛ ቁጥር ደርሷቸዋል፤ የሁለቱም ወገን ካይ ስኩዌር 14.2 ሲሆን፣ ለአንድ የነጻነት ደረጃ ከመቶ አንድ የሚባለው ወሰን 6.63 ብቻ ነው። የክፍሎቹ ቁጥር ቀንሶ ክሱ መጠንከሩ የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥፋቱ ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነበለ በመሆኑ፣ በአሥራ ሁለት ቦታ ተበታትኖ የነበረው ማስረጃ በአንድ ቦታ ተሰበሰበ።

ይህ ዓይነቱ መክፈል ግን አደጋ አለው። ውጤቱን አስቀድሞ አይቶ፣ ጎልቶ የሚታየውን ጉድለት የሚያወጣ ክፍፍል መርጦ፣ ከዚያ በኋላ ፈተሻው ጥፋት አገኘ ማለት ቀስቱ ካረፈ በኋላ ዒላማውን ዙሪያውን መሳል ነው። በዋሽንግተኑ ጉዳይ ላይ የኋለኞቹን ወራት ለይቶ መመርመር ተቀባይነት የሚያገኘው፣ የማቀላቀሉ ሥርዓት ራሱ ጥርጣሬውን ወደዚያ አቅጣጫ ስለሚመራ ነው፤ አንዴ ብቻ የተቀላቀለው ወር ዲሴምበር መሆኑ ከውጤቱ ውጭ የሚታወቅ እውነት ነው። ቅደም ተከተልን የሚያይ ሌላ መለኪያ፣ ማለትም በዓመቱ ቀንና በደረሰው ቁጥር መካከል ያለው የዝምድና መጠን፣ ከዜሮ በታች 0.226 ሆኖ ተገኝቷል፤ ንጹሕ ዕጣ ይህን ያህል ዝምድና የማሳየት ዕድሉ ከአሥር ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። የየወሩ አማካይ ቁጥርም ይህንኑ ይመሰክራል፤ 183.5 መሆን ሲገባው የጃንዩዋሪ 201.2፣ የዲሴምበር 121.5 ነው።

አንድሬይ ኮልሞጎሮቭ እ.ኤ.አ. በ1933 ያቀረቡት ፈተሻ መነሻው ይኸው ቅደም ተከተል ነው። በክፍል መመደብን ትቶ፣ ከመጀመሪያ ጀምሮ እየተደመረ የሚሄደው ቁጥር ከሚጠበቀው ድምር ምን ያህል እንደሚርቅ እየለካ ትልቁን ርቀት ይይዛል። በዕጣው ላይ እስከ ጁላይ መጨረሻ 213 ቀናት አሉና 106.5 ዝቅተኛ ቁጥር ይጠበቅ ነበር፤ የተገኘው 87 ነው፤ በወር መጨረሻ ከሚለኩት ርቀቶች ትልቁ ይኸው 19.5 ነው። ፈተሻው በመሠረቱ እንደ ርዝመትና ጊዜ ላሉ ሳይቆራረጡ ለሚለኩ ነገሮች የተበጀ በመሆኑ ለካፕሱል ወሰኑ መስተካከል ይኖርበታል፤ ይሁንና ጥርጣሬው ወደ አንድ ወገን ስለማዘንበል ከሆነ ከካይ ስኩዌር ይልቅ ይህ መንገድ ዓይኑ የበራ ነው።

ከማሰሮው ውጭ ያለው

በሌላ በኩል የካይ ስኩዌር ድምር ከልክ በላይ ማነሱም ይመረመራል። ለ11 የነጻነት ደረጃ ድምሩ ከ4.57 በታች የሚሆነው ከመቶ አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከቤቱ ተቀምጦ የዳይስ ውጤት የሚፈበርክ ሰው ቁጥሮቹን ከመጠን በላይ ስለሚያመጣጥናቸው የሚያዘው በዚህ በኩል ነው። ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1936 የግሪጎር ሜንዴልን የአተር ሙከራዎች በዚህ ዓይን መርምረው፣ 84 የነጻነት ደረጃ ባለው ስሌት ድምሩ 41.6 ብቻ ሆኖ ስላገኙት፣ ውጤቱ እውነት ለመሆን እጅግ ያማረ ነው የሚል ጥያቄ አስነሥተዋል፤ ክርክሩም ለረጅም ዘመን ቀጥሏል።

ፈተሻው ጨርሶ የማይደርስበት ቦታ ደግሞ አለ፤ እርሱም ወደ ማሰሮው የገባው ስም ማን እንደሆነ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ የተሰረዘው፣ መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች በዕጣው ውስጥ መካተታቸውን የከተማ አስተዳደሩ ካስታወቀ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒዩተር ለተሰጡት ስሞች ሁሉ ፍጹም እኩል ዕድል ከሰጠ፣ የሚወጣው ውጤት ማንኛውንም የወጥነት ፈተሻ ያለ እንከን ሊያልፍ ይችላል፤ ጉድለቱ የሚገኘው ዝርዝሩን ከመስፈርቱ ጋር በማመሳከር ነው። ስለዚህ ዕጣው በስታቲስቲክስ ተፈትሾ አልፏል የሚለው አነጋገር ሲሰማ፣ ምን ተፈተሸ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ፈተሻውን ስለ ማለፍም አንድ ነገር ሳይባል አይታለፍም። ድምሩ ከወሰኑ በታች መሆኑ ስርጭቱ ወጥ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም፤ በቀረበው የመረጃ መጠንና በተመረጠው ክፍፍል ጥፋት አልተገኘም ማለት ብቻ ነው። የዌልደን ዳይሶች ስድስት መቶ ጊዜ ብቻ ቢጣሉ ኖሮ ንጹሕ ተብለው በታለፉ ነበር፤ የተጋለጡት ከሦስት መቶ ሺህ በላይ ገጾች ስለተቆጠሩ ነው። የዕጣውም ጉድለት የታየው በ366 ካፕሱሎች ብቻ በመሆኑ፣ ማዛነፉ ምን ያህል ከባድ እንደነበረ ከዚሁ መገመት ይቻላል።

የአሜሪካ መንግሥት ትምህርቱን ወስዷል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1970 ለተካሄደው ቀጣይ ዕጣ፣ የብሔራዊ መለኪያዎች ቢሮ ባለሙያዎች በዘፈቀደ የተደረደሩ የቀንና የቁጥር ዝርዝሮችን አዘጋጁ፤ ቀናቱና ቁጥሮቹም በሁለት የተለያዩ ከበሮዎች ውስጥ ገብተው፣ ከአንዱ ቀን ከሌላው ቁጥር እየወጣ ተጣመሩ፤ አንዱ ከበሮ በደንብ ባይቀላቀል እንኳ ሌላው ያካክሰዋል። የ1969ኙ ዕጣ ግን አልተሰረዘም። በዚያው ዝርዝር መሠረት እስከ 195 ቁጥር ድረስ የደረሳቸው ወንዶች ለውትድርና ተጠርተዋል፤ ከዲሴምበር 31 ቀናት መካከል ቢያንስ 26ቱ በዚያ ውስጥ ይገኛሉ።